ጄራር ፊሊፕን ያገነነው ሞቱ አይደለም

ስለ ፈረንሳዊው ተዋናይ ጄራር ፊሊፕ በአማርኛ የሚጻፍ ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰሞኑን ስለ እርሱ የወጣ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሳገኝ ደስ ብሎኝ ማንበብ ጀመርኩ፤ ጨርሼ ስነሳ ግን ደስታዬ አብሮኝ አልተነሳም። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ፊሊፕ በመልኩ የኖረ የሲኒማ ኮከብ ነው፤ በ36 ዓመቱ ባይሞት ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሳ አይኖርም ነበር። ቴአትር ለእርሱ የክብር ጌጥ እንጂ ሥራ አልነበረም። በፊልም የተጫወተውም አንድ ዓይነት ሰው፣ ሰይፍ የሚመዝና ሴት የሚያማልል ጎረምሳ ብቻ ነው። የግራ ፖለቲካው ከናዚ ወራሪዎች ጋር ያበረውን የአባቱን ነውር ለመሸፈን የደረበው ካባ ነበር። በመጨረሻም «አዲሱ ማዕበል» የተባሉት ወጣት ፊልም ሠሪዎች መጥተው እርሱንና መሰሎቹን ጠርገው አስወጡ።

ጽሑፉ አማርኛው ያማረ ነው፤ እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው። አንባቢው ፊሊፕን ከዚያ በፊት የማያውቀው ከሆነ ሌላ ምንጭ ሳይፈልግ አምኖ ይሄዳል። እንግዲህ ክሶቹን እያነሳሁ ልመልስ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሞቱ ልጀምር፤ ጸሐፊው ሁሉን ነገር የሰቀሉት እርሱ ላይ ነውና። ፊሊፕ የሞተው ኅዳር 25 ቀን 1959 በፓሪስ ነው፤ ታኅሣሥ 4 ቀን 37 ዓመት ሊሞላው ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። የገደለው የጉበት ካንሰር ነው። ይህ እውነት ነው፤ በእርጅና የተሸበሸበ ፊቱን ያየ ሰው አለመኖሩም እውነት ነው። ነገር ግን በወጣትነቱ የሞተ ተዋናይ ሁሉ የሚገንን ቢሆን ኖሮ የፓሪስ መካነ መቃብሮች በታላላቅ ተዋንያን በተጨናነቁ ነበር። ሰውየው ከመሞቱ ሰባት ዓመት በፊት፣ በ1952፣ «ፋንፋን ላ ቱሊፕ» የተባለውን ፊልሙን ከስድስት ሚሊዮን በላይ ፈረንሳዮች ትኬት ቆርጠው አይተውት ነበር። ከዚያም በፊት በ1947 በክሎድ ኦታን ላራ ፊልም፣ ባሏ ጦር ሜዳ ያለች ሴትን የሚወድ ተማሪ ሆኖ ከሚሽሊን ፕሬል ጋር ሲጫወት አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ተከራክሯል፤ እርሱም በብራስልስ የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ተቀብሏል። ያን ጊዜ ገና 24 ዓመቱ ነው። ሞት ለዚህ ሁሉ ምን አዋጣ?

ጸሐፊው ከዚህ አልፈው፣ ፊሊፕ «ለ ሲድ» በተባለው ተውኔት ሲጫወት በለበሰው የቴአትር ልብስ መቀበሩን የራሱ የመጨረሻ ትርኢት፣ አስቦ ያዘጋጀው አፈ ታሪክ አድርገው ያቀርባሉ። እዚህ ላይ ብዕራቸውን ቢይዙት መልካም ነበር። ፊሊፕ እንደሚሞት አያውቅም ነበር። ሐኪሞቹ የሕመሙን ስም ለሚስቱ ለአን ነገሯት፤ እርሷም ደበቀችው። እርሱ የሚያውቀው ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለትና እያገገመ መሆኑን ነው። በ1963 ባሳተመችው ማስታወሻዋ ላይ ያን የመሰለ ውሸት ይዞ አልጋው አጠገብ መቀመጥ ምን እንደሆነ ጽፋለች። ሕመምተኛን ከሕመሙ ስም መሸሸግ በእኛ ቤትም የሚታወቅ ነገር ስለሆነ የአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። እርሷ ናት ያንን ልብስ የመረጠችለት፤ የተቀበረውም በደቡብ ፈረንሳይ፣ ራማቱዌል በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ደግሞስ የትኛውን ልብስ ነው የመረጠችው? የፊልም ልብሱን አይደለም፤ ሚሊዮኖች ያጨበጨቡለትን የፋንፋንን ልብስ አይደለም። የመድረኩን ልብስ ነው። ጸሐፊው ለክሳቸው የጠሩት ይህ ምስክር ሁለተኛውን ክሳቸውን ራሱ ያፈርስባቸዋል።

ሁለተኛው ክስ ቴአትር ለፊሊፕ ጌጥ ብቻ ነበር የሚለው ነው። ቅር ያሰኘኝ ከሁሉ በላይ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ፊሊፕ ወደ ሥራው የገባው በመድረክ ነው። በ1942፣ ገና 19 ዓመቱ ሳለ፣ ኒስ ከተማ ውስጥ የአንድሬ ሩሲንን አስቂኝ ተውኔት ተጫወተ። በዓመቱ ፓሪስ ገብቶ በዣን ዢሮዱ «ሰዶምና ገሞራ» ውስጥ መልአኩን ሆኖ ከኤድዊጅ ፎዬር ጋር ታየ፤ ዕውቅ ተዋናይት አጠገብ የቆመ ያልታወቀ ልጅ ማለት ነው። በዚያው ዘመን ወደ ፓሪስ ኮንሰርቫቶር ገብቶ ከመምህሩ ከዦርዥ ለሯ ዘንድ ንግግርና አተነፋፈስ ተማረ። በመስከረም 1945 ደግሞ የአልቤር ካሙን «ካሊጉላ» በኤበርቶ ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ሲወጣ ንጉሡ እርሱ ነበር። አውሮፓ ከአንድ አምባገነን በወጣች በወራት ውስጥ አንድ የ22 ዓመት ልጅ ያበደ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ሲቆም፣ የመላእክት ፊት ያለው ሰው ገዳይ ሲሆን ማየት ለተመልካቹ ምን ያህል እንደሚያሸብር መገመት አያስቸግርም። መልኩ እዚያ የሠራው ሥራ ማማለል ሳይሆን ማስፈራት ነው።

ከዚያ በ1947 ምን አደረገ? የፊልሙ ዝና ጣሪያ በነካበት ዓመት አንሪ ፒሼት የተባለ ገና ስሙ ያልታወቀ ወጣት ገጣሚ የጻፈውን አስቸጋሪ ተውኔት በአንዲት ጠባብ የፓሪስ ቴአትር ቤት ከማሪያ ካዛሬስና ከሮዤ ብሌን ጋር ተጫወተ። ጌጥ የሚፈልግ ሰው እንደዚህ ያለ ቦታ አይሄድም።

ዋናው ነገር ግን ከዣን ቪላር ጋር የሆነው ነው። ቪላር በ1947 የአቪኞንን ፌስቲቫል የመሠረተ፣ ቴአትር የሀብታሞች የምሽት መዝናኛ ብቻ መሆኑ የሚያበግነው አዘጋጅ ነበር። ቀደም ሲል የኮርኔይን «ለ ሲድ» እንዲጫወት ሲጠይቀው ፊሊፕ ለትራጄዲ የተፈጠርኩ አይደለሁም ብሎ እምቢ ብሏል። በ1950 መጨረሻ ግን ቪላር በአትልየ ቴአትር ሲጫወት በነበረበት ጊዜ፣ ፊሊፕ ራሱ ወደ ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ሄዶ አብሬህ ልሥራ አለው። የአገሩ ትልቁ የፊልም ኮከብ ነው እግሩን አንስቶ የሄደው፤ የሄደውም ገንዘብ ወደሌለው ሰው ዘንድ ነው።

በሐምሌ 1951 አቪኞን በሚገኘው የጳጳሳቱ ቤተ መንግሥት ግቢ፣ በክፍት ሰማይ ሥር፣ ሁለት ሥራዎችን ይዞ ቆመ፦ የክላይስትን «የሆምቡርግ ልዑል»ና «ለ ሲድ»ን። በልምምዱ ሰሞን በጨለማ ከመድረክ ወድቆ ተጎዳ። «ለ ሲድ» ለመጀመሪያ ጊዜ በታየበት ምሽት ፊሊፕ የሚጫወተው ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ያ ሁሉ ጦረኛ የሚባለው ሮድሪግ፣ አብዛኛውን ቃሉን የተናገረው ተቀምጦ ነው። ጸሐፊው «በአካሉ ውበትና በቅልጥፍናው ብቻ የሚጫወት» ላሉት ሰው ይህ ከባድ ፈተና መሆን ነበረበት። አካሉ በተከለከለበት ሌሊት በድምፁ ብቻ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያዘ፤ አዳራሽ ማለቴ ያንን ጣሪያ የሌለው የድንጋይ ግቢ ነው።

በዚያው ዓመት ቪላር «ብሔራዊ ሕዝባዊ ቴአትር» የተባለውን የመንግሥት ተቋም እንዲመራ ተሾመ። መቀመጫው የፓሪሱ የሻዮ ቤተ መንግሥት ነበር፤ ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አዳራሹን ይዞት ስለነበር አዲሱ ቡድን በኅዳር 1951 ሥራውን የጀመረው ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው በሱሬን ነው። የቅዳሜና እሑድ ትኬት ለገዛ ሰው ቴአትር ብቻ አይደለም የሚቀርብለት፤ ሙዚቃ፣ ምግብና ጭፈራም አብሮ ነበረው። ፊሊፕ እዚያ ሮድሪግን ተጫወተ፤ በብሬክት «እናት ኩራዥ» ውስጥም ከእናቲቱ ልጆች አንዱን ሆነ። ልብ ይበሉ፣ ዋናውን ገጸ ባሕርይ አይደለም፤ ከልጆቹ አንዱን ነው።

በኋላ ወደ ሻዮ ሲገቡ አዳራሹ ከ2,500 በላይ መቀመጫ ያለው፣ ተዋናይ ሊውጥ የሚችል ጉድጓድ ነበር። ቪላር የቤቱን ልማድ ከሥሩ ለወጠው። ትኬቱ ርካሽ ሆነ፤ ካፖርት ለሚቀበሉና ቦታ ለሚያሳዩ ሠራተኞች ጉርሻ መስጠት ቀረ፤ በማግስቱ ወደ ፋብሪካ የሚገባ ሰው መጨረሻውን አይቶ ወደ ቤቱ እንዲደርስ ትርኢቱ በጊዜ መጀመር ጀመረ፤ ከሠራተኛ ማኅበራትና ከድርጅቶች ጋር በጅምላ ትኬት የመሸጥ ውል ተደረገ። በማስታወቂያው ላይ ደግሞ የተዋንያኑ ስም የሚወጣው በፊደል ተራ ነው። የፊሊፕ ስም የሚጀምርባት ፊደል በላቲኑ ተራ ወደ ኋላ የምትገኝ ናት፤ ስለዚህ የአገሪቱ ዕውቅ ሰው ስም ማንም ከማያውቃቸው ጀማሪዎች በታች ተጽፎ ይወጣ ነበር። ይህን ደንብ ተቀብሎ፣ ፊልም ከሚከፍለው እጅግ ባነሰ ክፍያ ዓመት ከዓመት ሠርቷል። አንድ ሰው ጌጡን እንዲህ አድርጎ ሲያጠልቅ አላየሁም።

በመጫወት ብቻም አልቆመም። በ1952 አቪኞን ላይ የሚሴን «ሎሬንዛቾ» ያዘጋጀው ፊሊፕ ነው፤ በዚያው ዓመት የፒሼትን «ኑክሌያ» ከቪላር ጋር አዘጋጅቶ ወደቀ። አሌክሳንደር ካልደር በሠራው መድረክ ላይ የቀረበ ሥራ ነበር፤ ተመልካቹ ግን አልተቀበለውም። በ1954 በሁጎ «ሩይ ብላ» እና በሼክስፒር «ዳግማዊ ሪቻርድ» ታየ። ጸሐፊው ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ወደ ፊልም መመለሱን ይጠቅሱና «ጠግቦ ሄደ» ይላሉ። መሄዱ እውነት ነው። ነገር ግን በ1958 መመለሱን ለምን ዘለሉት? ተመልሶ የሚሴን «የማሪያን አመሎች» ተጫወተ፤ ቡድኑን ይዞ እስከ ኒው ዮርክ ተጉዞ በፈረንሳይኛ ተጫወተ፤ በ1959 ደግሞ ሬኔ ክሌር ባዘጋጀው ሌላ የሚሴ ተውኔት ሻዮ ላይ ቆመ። ይህ የመጨረሻው የቴአትር ሥራው ነው። ሊሞት ወራት ሲቀሩት ሳይቀር ቤቱ መድረክ ነበር።

በዚሁ ክስ ሥር ጸሐፊው የፊሊፕ አነጋገር «የሚዘፍን፣ የተጋነነ» ነው ይላሉ። የ«ለ ሲድ»ን የተቀዳ ድምፅ የሰማ የዘመናችን ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም፤ ለዛሬ ጆሮ ከፍ ይላል። ነገር ግን ኮርኔይ የጻፈው ባለ12 ቀለም ስንኝ ነው፤ መምታቱና ማረፊያው በልክ የተወሰነ ግጥም ነው። ቅኔ የሚቀኝ ሰው ለምን አዜመ ተብሎ ይወቀሳል? ከፊሊፕ በፊት የነበሩት ሮድሪጎች ስንኙን እንደ አዋጅ ነበር የሚያስነግሩት፤ እርሱ ግን እያሰበ የሚናገር፣ ቃሉ እየመጣለት ያለ ወጣት አስመሰለው። የድምፁን ሌላ ፊት መስማት የሚሻ የሳንት ኤግዙፔሪን ትንሹን ልዑል በ1954 በሸክላ ያስቀረጸውን ይስማ። እዚያ ላይ ያለው ድምፅ ልጅ አጠገብ እንደተቀመጠ ሰው ዝግ ያለ ነው።

ወደ ፊልሙ ልለፍ። ሦስተኛው ክስ፣ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ተጫወተ የሚለው፣ ጸሐፊው ከሁለት ፊልም በላይ አላዩም ወይ የሚል ጥርጣሬ አሳድሮብኛል። ፋንፋን አለ፤ አልክድም። በክርስቲያን ዣክ ፊልም ላይ ከጂና ሎሎብሪጂዳ ጋር ጣሪያ ለጣሪያ የሚዘለው፣ ሰይፉን እየሳቀ የሚመዘው ወታደር እርሱ ነው። ፊልሙ በ1952 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ለዳይሬክተሩ ሽልማት አስገኝቷል፤ ዛሬም ቢታይ ያስቃል። ዝም ብሎ አስቂኝ መሆንን እንደ ነውር ማየትም አይገባኝም።

ከዚያ ውጭ ያለውን እንይ። በ1946 የዶስቶየቭስኪን ልዑል ሚሽኪን ተጫወተ። በ1949 በኢቭ አሌግሬ ፊልም ውስጥ፣ ዝናብ በማያባራባት የሰሜን የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ወደ ክፉ ልጅነቱ ቦታ ተመልሶ የመጣ፣ ቃል የማይወጣው ሰው ሆነ፤ በዚያ ፊልም ላይ ፊቱ እርጥብ ግድግዳ ይመስላል። በ1950 በወጣው የሬኔ ክሌር የፋውስት ታሪክ ላይ ከሚሼል ሲሞን ጋር ሰውና ሰይጣን ሲለዋወጡ ያንን ጉደኛ አዛውንት ተቋቁሞ ቆመ። በ1953 ሜክሲኮ ውስጥ በተቀረጸው የአሌግሬ ፊልም ደግሞ ከሚሼል ሞርጋን ጋር የተጫወተው ጢሙ ያደገ፣ የቆሸሸ፣ አንድ ጠርሙስ አረቄ ለማግኘት ሰው ፊት የሚጨፍር የወደቀ ሐኪም ነው። ያንን የጭፈራ ትዕይንት ያየ ሰው ስለ ውበቱ ለማውራት ጊዜ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ለእኔ ግን የፊልም ሥራው ጫፍ በ1954 የወጣው የሬኔ ክሌማን «ሙስዩ ሪፕዋ» ነው። ለንደን ውስጥ ከሴት ወደ ሴት እየተላለፈ የሚኖር፣ የሚዋሽ፣ የሚሰርቅ፣ አንዳንዴ የሚራብ ፈረንሳዊ ነው። ክሌማን ካሜራውን ደብቆ በለንደን ጎዳናዎች መካከል ቀረጸው፤ አላፊ አግዳሚው ተዋናይ መሆኑን ሳያውቅ አጠገቡ ያልፋል። ፊሊፕ በዚህ ፊልም ያደረገው ነገር በመልኩ ላይ መመስከር ነው። ሴት አማላዩ ሰው ከውስጡ ባዶ፣ ከባዶነቱም የተነሳ የሚያስቅና የሚያስጠላ መሆኑን ራሱ አሳየን። ፊልሙ በካን ልዩ የዳኞች ሽልማት አግኝቷል። ጸሐፊው ፊሊፕን የሚከሱበት ነገር ሁሉ እርሱ ራሱ ከእርሳቸው ቀድሞ በዚህ ፊልም ከሶታል፤ ግን ስሙን እንኳ አልጠቀሱትም።

የማልከራከርበትም አለ። በ1956 ከዮሪስ ኢቨንስ ጋር፣ ከምሥራቅ ጀርመኑ ደፋ ኩባንያ ጋር በመተባበር፣ ራሱ ያዘጋጀው የቲል ፊልም ደካማ ነው፤ ጸሐፊው ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። ፋንፋንን እንደገና ለመሥራት የተሞከረ፣ ነገር ግን ቀልዱ የከበደው ሥራ ነው። በ«ቀይና ጥቁር» ላይም ከ30 ዓመት በላይ ሆኖ የስታንዳልን ወጣት ዡልየን ሶሬልን መጫወቱ እኔንም አላሳመነኝም፤ ፊልሙ ራሱ ከመጽሐፍ ገጽ ተቀድዶ የወጣ ሥዕል ይመስላል። ደካማ ሥራ የሌለው ተዋናይ ግን አላውቅም።

ስለ አባቱና ስለ ፖለቲካው የተባለው ደግሞ ከቀን መቁጠሪያ ጋር አይስማማም። አባቱ ማርሴል ፊሊፕ በደቡብ ፈረንሳይ ሆቴል ያስተዳድር የነበረ፣ በወረራው ዘመን የዣክ ዶርዮ ፋሺስት ፓርቲ አባል የሆነ ሰው ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ በሌለበት ሞት ተፈርዶበት በስፔን በስደት ኖረ። ልጁ ግን በነሐሴ 1944፣ ፓሪስ ገና ነጻ ሳትወጣ፣ በሮዤ ስቴፋን በሚመራው ቡድን ውስጥ ሆኖ የከተማዋን ማዘጋጃ ቤት ነጻ በማውጣቱ ተካፍሏል። ጀርመኖች ገና ከተማው ውስጥ እየተኮሱ ነበር፤ በአባቱ ላይ የተፈረደው ከዚያ በኋላ ነው። ያልተነገረ ፍርድ ለመሸፈን ጥይት ፊት የሚቆም ሰው ማን ነው?

ስሙንም ከአባቱ ለመሸሽ ለወጠ የተባለው ያስቃል። በስሙ ላይ የጨመረው በፈረንሳይኛ የማትነበብ አንዲት ፊደል ብቻ ነው፤ ለመደበቅ የፈለገ ሰው ትንሽ ራቅ ይል ነበር። ከአባቱም ጋር ግንኙነቱን አላቋረጠም። ሐሳቡን ጠልቶ አባቱን ግን አልጣለም፤ ይህን ለመረዳት ፈረንሳዊ መሆን አያስፈልግም።

በ1950 የአቶሚክ ጦር መሣሪያ እንዲታገድ የሚጠይቀውን የስቶክሆልም ጥሪ ፈርሟል፤ ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ቻይና ሄዷል፤ በ1959 ኩባ ሄዶ ፊደል ካስትሮን አግኝቷል። ለኮሚኒስቶች ቅርብ ነበር፤ የፓርቲ አባል ግን አልነበረም። በእነዚያ ጉዞዎች ዓይኑን የጨፈነባቸው ነገሮች ነበሩ ቢባል እስማማለሁ፤ በዚያ ዘመን የተጓዙ ብዙ የፈረንሳይ ምሁራን የተያዙበት ድክመት ነው። ጽሑፉ ግን በጉዞና በፊርማ ላይ ብዙ ቀለም አፍስሶ የፊሊፕን ትክክለኛ ፖለቲካዊ ሥራ ሙሉ በሙሉ ዘሎታል። እርሱም የሠራተኛ ማኅበሩ ነው።

በ1957 የፈረንሳይ ተዋንያን ማኅበር ተከፋፍሎ፣ አባላቱም ተዳክመው ነበር። ፊሊፕ «ተዋንያን ውሾች አይደሉም» የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ በጋዜጣ አወጣ። በቴሌቪዥንና በሬዲዮ መምጣት ሥራቸው እየተደጋገመ ሲታይ ክፍያቸው ግን ስለማይደገም፣ ስለ ልምምድ ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈልጎ ስለሚያጣው ብዙኃኑ ተዋናይ ጮኸ። በ1958 ተፎካካሪዎቹ ማኅበራት ተዋሕደው አንድ ሲሆኑ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር እርሱ ሆነ፤ ያ ማኅበር ዛሬም አለ። ከዚህ ትግል ለራሱ የሚያገኘው አንዳች ጥቅም አልነበረም፤ የፊልም አዘጋጆች እርሱን ለማስፈረም በር ላይ ተሰልፈው ነበርና። ስብሰባ መምራት፣ ደንብ ማርቀቅ፣ ከሚጨቃጨቁ ባልደረቦች ጋር ሌሊቱን ማንጋት፣ ማግስቱን ደግሞ መጫወት። ይህን የሚያደርግ ሰው ካባ ደርቧል ለማለት መጀመሪያ ካባው ምን እንደሚያሞቅ ማሳየት ያስፈልጋል።

የቀረው «አዲሱ ማዕበል» ነው። እዚህም መልሱ ቀን መቁጠር ነው። ከማዕበሉ መሪዎች የአንዱ፣ የትሩፎ፣ የመጀመሪያ ረዥም ፊልም ካን ላይ የታየው በግንቦት 1959 ነው፤ የሌላው፣ የጎዳር፣ የመጀመሪያው ፓሪስ ውስጥ የወጣው በመጋቢት 1960 ነው። ፊሊፕ የሞተው በሁለቱ መካከል፣ በኅዳር ነው። ያልደረሰ ማዕበል ሰው ጠርጎ አይወስድም።

ትሩፎ ገና ሐያሲ ሳለ ፊሊፕንና አብሯቸው የሠራቸውን ዳይሬክተሮች በብርቱ መተቸቱ እውነት ነው፤ በኦታን ላራ ላይ የጻፈውን ብዙውን እኔም እቀበላለሁ። ነገር ግን የወጣት ሐያሲ ቁጣ ፍርድ አይደለም። ፊሊፕ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ከማን ጋር እንደሠራ ይታይ። ትሩፎና ጓደኞቹ ከሚያከብሯቸው ጥቂት ፈረንሳዮች አንዱ በነበረው በዣክ ቤኬር ፊልም ሠዓሊው ሞዲሊያኒን ሆነ፤ በሮዤ ቫዲም ፊልም ከዣን ሞሮ ጋር ተጫወተ፤ የመጨረሻ ፊልሙን ደግሞ ሜክሲኮ ሄዶ ከሉዊስ ቡኙኤል ጋር ሠራ። ይህ በአሮጌ ቤት በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው መንገድ ነው?

ሞሮን ካነሳሁ አይቀር፣ በኋላ የአዲሱ ሲኒማ ፊት የሆነችው ይህችው ሴት በ1951 አቪኞን ላይ ከፊሊፕ ጋር በ«የሆምቡርግ ልዑል» የተጫወተችው ናት። የቪላርን ቴአትር ቤት ፎቶግራፎች የምታነሳው ደግሞ አኜስ ቫርዳ ነበረች፤ ብዙ የምናውቃቸው የፊሊፕ የመድረክ ምስሎች የእርሷ ናቸው። ቫርዳ በ1955 ያወጣችው የመጀመሪያ ፊልሟ ዛሬ የአዲሱ ማዕበል ቀዳሚ ይባላል፤ በፊልሙ የሚጫወቱት ፊሊፕ ኗሬና ሲልቪያ ሞንፎር ከዚያው ቴአትር ቤት የመጡ ናቸው። ጸሐፊው ጠላት አድርገው ያቆሟቸው ሁለት ዓለማት በአንድ ኮሪደር ይተላለፉ ነበር። ፊሊፕ ቢኖር ኖሮ ከወጣቶቹ ጋር ይሠራ ነበር ወይስ አይሠራም? ማንም አያውቅም፤ ጸሐፊውም አያውቁም፤ ሆኖም አንድ ሙሉ ክስ የመሠረቱት በዚህ በማይታወቅ ነገር ላይ ነው።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ፋንፋንን በድጋሚ ከማየት ይልቅ በለንደን ጎዳና የሚንከራተተውን ሪፕዋን፣ ቀጥሎም በሜክሲኮ ፀሐይ የሚጨፍረውን ሰካራም ሐኪም ይመልከቱ፤ ከዚያ «አንድ ዓይነት ሰው» ያሉትን ዓረፍተ ነገር ይደግሙት እንደሆነ ይጻፉልን። ስለ ቴአትሩና ስለ ማኅበሩ የዘለሉትንም አብረው ቢመልሱልን ክርክሩ እውነተኛ ክርክር ይሆናል፤ እኔም አነባለሁ።